አልጋ አለ፣ ሰው የለም

የከተማ ጠላቱ ነዋሪው ነው። ነዋሪ ልጅ ይወልዳል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ይፈልጋል። ነዋሪ ያረጃል፤ ሲያረጅ ሐኪም ይፈልጋል፣ ደረጃ ሲወጣ የሚደግፈው ይፈልጋል። ልብሱን አጥቦ መስኮት ላይ ያሰጣል፣ ሌሊት «ዝም በሉልኝ» ይላል፣ ኪራይ ሲጨመርበት ያጉረመርማል፤ ይባስ ብሎም በምርጫ ቀን ድምፅ ይሰጣል። እንግዳ ግን የተባረከ ፍጥረት ነው። ሁለት ሌሊት ያድራል፣ የተጠየቀውን ይከፍላል፣ ድልድይ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ ሻንጣውን እየጎተተ ይሄዳል። ስለ ትምህርት ቤት አይጠይቅም፤ ከንቲባው ማን እንደሆነም አያውቅም። ይህ ልዩነት ገብቷት፣ ጠላቷን በትዕግሥት አንድ በአንድ እያሰናበተች ያለች ብልህ ከተማ ብትኖር የጣልያኗ ቬኒስ ናት።

ውጤቷ ያስቀናል። በ1951 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በውሃ በተከበበው በአሮጌው ከተማ 175,000 ያህል ሰው ይኖር ነበር። በ2022 ቁጥሩ ከ50,000 በታች ወረደ። በ2023 ደግሞ የከተማው ተቆርቋሪዎች ቆጥረው እንደደረሱበት፣ ለእንግዳ የተነጠፈው አልጋ ከነዋሪው ቁጥር በለጠ። ሐሳቡን ያጢኑት፦ እያንዳንዱ ነዋሪ፣ አራስ ሕፃኑም ሳይቀር፣ አንድ አንድ እንግዳ ቢደርሰው እንኳ ትርፍ አልጋ ይቀራል። ጦር ያልፈታው፣ ርሃብ ያልበተነው ከተማ በሰባ ዓመት ውስጥ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሕዝቡን ከሸኘ፣ ይህ የአስተዳደር ጥበብ ካልተባለ ምን ይባላል?

እርግጥ መጀመሪያ የወጡት በፈቃዳቸው ነው ሊባል ይችላል። ከባሕሩ ማዶ ሜስትሬ ላይ መታጠቢያ ቤትና የመኪና ማቆሚያ ያለው አዲስ አፓርታማ፣ ማርጌራ ላይ ደግሞ የፋብሪካ ሥራ ነበረላቸው። በኖቬምበር 1966 ውሃው 194 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ምድር ቤቱን ሁሉ ሲያጥለቀልቅም ብዙዎች ተሰናበቱ። የዛሬዎቹ ግን ውሃም አላባረራቸው፣ ፋብሪካም አልጠራቸው። ቤታቸው ስለተወደደ ነው የወጡት። የሚያሳዝነው ቤታቸው ሲወደድ እነሱ አብረው አለመወደዳቸው ነው።

በሌላው ዓለም ፋርማሲ መስኮቱ ላይ ሰዓትና የአየር ሙቀት ያሳያል። ሪያልቶ ድልድይ አጠገብ ያለ አንድ ፋርማሲ ግን ከ2008 ጀምሮ የቀረውን ነዋሪ ብዛት በኤሌክትሪክ ሰሌዳ ያሳያል። መንገደኛው የራስ ምታት ክኒን ሊገዛ ገብቶ የከተማዋን የጤና ሁኔታ በነፃ አንብቦ ይወጣል። በማግስቱ ዓመት፣ በኖቬምበር 2009፣ ቁጥሩ ከ60,000 በታች መውረዱን የሰሙ ነዋሪዎች የሬሳ ሣጥን በጀልባ ጭነው፣ በታላቁ የውሃ መንገድ በካናል ግራንዴ እየቀዘፉ የከተማቸውን ቀብር አደረጉ። እኛ ከቀብር መልስ ድንኳን ጥለን እንቀመጣለን፤ ቬኒስ ከቀብር መልስ አልጋ አነጠፈች። ከዚያ ለቅሶ በኋላ ሌላ አሥር ሺህ ሰው ጎድሏል።

ቤቱ ባዶ ቀረ ብለው እንዳያዝኑ። ነዋሪ በወጣበት ታሪክ ይገባበታል፤ ታሪክ ደግሞ በሌሊት ሂሳብ ይከራያል። ጥበቡ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ጁዜፔ ዳል ኒየል የተባለ ሰው በ1822 ዳንዶሎ የተባሉት መሳፍንት በ14ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሩት ቤት ውስጥ ሆቴል ከፈተ፤ ዳኒዬሊ የሚባለው ዝነኛ ሆቴል ይኸው ነው። በ1834 መጀመሪያ ፈረንሳዊው ገጣሚ አልፍሬድ ደ ሙሴ ከፍቅረኛው ከደራሲዋ ጆርጅ ሳንድ ጋር እዚያ አርፎ ሳለ ታመመ። ሐኪም ተጠራ። ሐኪሙ ፓጄሎ በሽተኛውን አዳነው፤ ፍቅረኛውን ግን ለራሱ አስቀረ። እንዲህ ያለ ታሪክ ለሆቴል ከእብነ በረድ ወለል ይበልጣል፤ የሰው ትኩሳትና ክህደት ሁለት መቶ ዓመት ሲጠጋው ጌጥ ይሆናል። የሙዚቃው ሊቅ ቫግነር በ1883 የሞተበት ቤተ መንግሥት ደግሞ ዛሬ የቁማር ቤት ነው። ለቬኒስ ከሞተ ዝነኛ የተሻለ ነዋሪ የለም፤ አይታመም፣ ቆሻሻ አያወጣም፣ ኪራይ ተወደደ ብሎ ሰልፍ አይወጣም።

እኔ ያረፍኩበት ሆቴል ስሙ ይቆይ፤ በዚያ ሰፈር ያሉት ሁሉ እንደሱ ናቸው። ቤቱ አምስት መቶ ዓመት እንዳለፈው ከበሩ አጠገብ ተጽፏል። ክፍሌ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለም። ለምን እንደሌለ ስጠይቅ፣ ቤቱ ቅርስ ስለሆነ አይነካም ተባልኩ። ሻንጣዬን ተሸክሜ ስወጣ ደረጃው እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ ወይ እኔ ወይ ሻንጣው ማለፍ እንዳለብን ግልጽ ሆነ። ጣሪያው ላይ የተጋደመው ግንድ ከግንባሬ ትይዩ ነው፤ ቀድመውኝ የመጡ ግንባሮች ስላወዙት ያብለጨልጫል። «ወደ ቦዩ የሚያይ» የተባለው መስኮት ሲከፈት የጎረቤት ግድግዳ ፊት ለፊቴ መጣ፤ ቦዩ የሚታየው አንገቱን አውጥቶ ወደ ታች ለሚያይ ነው። ግድግዳው ከሥር እስከ ጉልበት ድረስ ጨው አውጥቶ ይላላጣል። ቁልፉ የናስ ነው፤ ቀይ ዘርፍ ተንጠልጥሎበት ኪስን ቁልቁል ይጎትታል።

ይህን ሁሉ ጉድለት ነው የሚል ካለ ትምህርት የጎደለው ነው። አዲስ ሆቴል ውስጥ እርጥበት ቢኖር ገንዘብ ይመለሳል፤ አሮጌ ሆቴል ውስጥ እርጥበት ሲኖር ገንዘብ ይጨመራል። አዲስ ሕንፃ ውስጥ ውሃ ቀጥ ሲል ብልሽት ነው፤ እዚህ ግን የህዳሴ ዘመን ትዝታ ነው። እንዲያውም ሙቅ ውሃው በአንዴ ቢመጣ ኖሮ የተታለልኩ በመሰለኝ።

በማለዳ እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ወጣት ቬኒስን እንደ መዳፏ ታውቃታለች። የትኛው ድልድይ ጋ ፀሐይ እንደምትጠልቅ፣ የትኛው መጠጥ ቤት በምን ሰዓት እንደሚከፈት ነገረችኝ። ሰፈሯ የት እንደሆነ ስጠይቃት፣ ሜስትሬ አለችኝ። አያቷ ካናሬጆ በተባለው ሰፈር ይኖሩ ነበር፤ ቤቱ ዛሬ ለእንግዳ ይከራያል። ቁርስ ያቀረበችው ሴት? ሜስትሬ። አልጋውን ያነጠፈችው? ሜስትሬ። ጧት ሜስትሬን ከአሮጌው ከተማ በሚያገናኘው ድልድይ ይገባሉ፣ ማታ በዚያው ድልድይ ይወጣሉ። ከተማው ውስጥ የማደር መብት የነበረኝ እኔ ነበርኩ፤ ከተማውን የማያውቀው፣ ካርታ ይዞም የሚጠፋው።

ሆቴሉ ግን ከሌላው ይሻላል፤ ቢያንስ «እንደምን አደሩ» የሚል ሰው አለው። አዲሱ ፈሊጥ «እንደ አገሬው ይኑሩ» የሚለው ነው። አገሬው የወጣበትን መኖሪያ ቤት፣ አገሬው የማይችለውን ኪራይ ከፍለው፣ እንደ አገሬው ይኖሩበታል። እኛ አዲስ ቤት ስንገባ «ቤት ለእምቦሳ» እንላለን፤ ባለቤቱም «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ ይቀበላል። በቬኒስ ጠባብ መንገድ በር ላይ ቆመው «ቤት ለእምቦሳ» ቢሉ የሚመልስልዎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ባለ ቁጥር የቁልፍ ሳጥን ነው። ቁጥሩን ይጫኑ፣ ቁልፉን ይውሰዱ፣ ይግቡ። ወተት የሚዋሱት ጎረቤት ቢፈልጉ በቀኝዎ ያለው ከሌላ አገር ትናንት የመጣ ነው፤ በግራዎ ያለው ነገ ይሄዳል። እንግዲህ እንደ አገሬው ኖሩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከተማዋ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች እንዳይሉ። «የእንግዳ ደራሽ የውሃ ፈሳሽ» ይባል የለ? ቬኒስ ለሁለቱም በር ሠራች። ለውሃው፣ ከአምስት ቢሊዮን ዩሮ በላይ ፈጅቶ፣ 78 የብረት መዝጊያ ከባሕር ሥር ተተከለ፤ በኦክቶበር 2020 ለመጀመሪያ ጊዜ ማዕበል ሲነሳ ከተማዋን ከውሃ ጠበቀ። ለእንግዳው ደግሞ ከኤፕሪል 25 ቀን 2024 ጀምሮ 5 ዩሮ ተተከለ። በዚያ ዓመት በተመረጡ 29 ቀናት፣ በ2025 ደግሞ በ54 ቀናት፣ ለቀን ጉብኝት የመጣ ሰው ይህን ይከፍል ነበር፤ በ2025 አስቀድሞ ያልተመዘገበ እንዲያውም 10 ዩሮ። ክፍያው የሚሠራው ከጧቱ 2:30 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ከተማው በነፃ ነው። ሆቴል የሚያድረው ከዚህ ነፃ ነው፤ እሱ ከ2011 ጀምሮ የአዳር ግብር ይከፍላላ። ሲኒማ ቤት መግቢያ አለው፣ ሙዚየም መግቢያ አለው፤ መግቢያ የሚቆረጥለት ከተማ ግን ራሱን ከየትኛው ወገን እንደመደበ መናገሩ ነው።

የጥንቷ ቬኒስ እንግዳ አታውቅም ነበር እንዳይባል፣ ከእሷ በላይ እንግዳ የሚያውቅ አልነበረም። የኛው የአፄ ዳዊት መልእክተኞች በ1402 ነብሮች እያስጎተቱ ገብተውባታል፤ የመግቢያ ኮድ የጠየቃቸው የለም። ሲመለሱ የእጅ ባለሙያዎች ይዘው መጡ። በ1450 ገደማ መነኩሴው ፍራ ማውሮ ዝነኛውን የዓለም ካርታ ሲሠራ የኢትዮጵያን ወንዝና ተራራ የነገሩት የኢትዮጵያ ካህናት ናቸው፤ ይህንንም ራሱ ካርታው ላይ ጽፎታል። ካርታው ዛሬም ቬኒስ በማርቺያና ቤተ መጻሕፍት አለ። ያኔ እንግዳ ይዞት የመጣውን ዕውቀት ይጠየቅ ነበር፤ ዛሬ የሚጠየቀው የካርድ ቁጥሩን ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ባለቤቱ ማን እንደነበር ነው። የጀርመን ነጋዴዎች ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚያርፉት ሪያልቶ ሥር በተሠራላቸው አንድ ትልቅ ቤት ብቻ ነበር። እዚያ ያድራሉ፣ እዚያ ዕቃቸውን ያራግፋሉ፣ በሪፐብሊኩ ሹሞች ዓይን ሥር ይሸጣሉ፣ ቀረጣቸውን ይከፍላሉ። እንግዳው በአንድ ቤት፣ ከተማው በባለቤቱ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ ያን ባለቤት የሚንቅ አልነበረም። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ ከተማው በሙሉ የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል፤ በሰዓት ገብቶ በሰዓት የሚወጣው የቀድሞው ነዋሪ ነው። ያ የነጋዴዎች ቤት ራሱ ምን ሆነ? የከተማው ዋና ፖስታ ቤት ሆኖ ነዋሪው ደብዳቤ ሲልክበት ኖረ፤ ከዚያ በ2016 የቅንጦት ዕቃ መደብር ተደረገ። በ2025 መደብሩ አልሸጥ ብሎት ተዘጋ። ፖስታ ቤቱን የሚፈልግ ነዋሪ ነበረ፤ የአንድ ሺህ ዩሮ ቦርሳ የሚፈልገው እንግዳ ግን ፎቶ አንስቶ ሄደ። እንግዳ ይዘው ነዋሪን የለቀቁ ሰዎች ሂሳብ መጨረሻው ይህ ነው።

ሽሙጡ እዚህ ላይ ይብቃ። ቱሪዝም እንጀራ ነው፤ ቬኒስን አትሂዱባት የሚል የለም። የሚሄድ ሰው ይሂድ፣ ብዙ ሌሊት ይደር፣ ሰው ያለበት ሆቴል ይረፍ፣ ባለ ቁልፍ ሳጥኑን ቤት ይለፈው። ይሁን እንጂ የከተማን ነዋሪ የሚያስቀረው የእንግዳ ጨዋነት ሳይሆን ሕግ ነው፤ ሕጉም አለ። የጣልያን ፓርላማ በ2022 ቬኒስ የአጭር ጊዜ የቤት ኪራይን እንድትገድብ ለእሷ ብቻ የተለየ ሥልጣን ሰጥቷታል። ከሁለት ዓመት በኋላ አስተዳደሩ አስቀድሞ ሥራ ላይ ያዋለው ግን የ5 ዩሮውን መግቢያ ነው። ከሁለቱ በር አንዱን የመምረጥ ዕድል የነበረው ሰው የትኛውን እንደከፈተ ካየን፣ ነዋሪው ጠፋ ብሎ የሚያለቅሰውን አስተዳደር ማመን አይገባንም።