ሲሊንደሩ ሂሳብ ከፍሏል

የዘንድሮ መንጃ ፈቃድ አልገባኝም። አርጅተህ ነው እንዳትሉኝ፤ ወጣት ሳለሁም የመንግሥት ወረቀት ሙሉ በሙሉ ገብቶኝ አያውቅም። በእኛ ጊዜ ነገሩ በደረጃ ነበር። 5ኛ መንጃ ፈቃድ ያለው ተሳቢ ይጎትታል፤ ሰፈር ውስጥም ከቄሱ ቀጥሎ ወንበር ይለቀቅለታል። አሁን የሹፌር ዘር የሚቆጠረው በጭነቱ ነው፤ ሕዝብ፣ ደረቅ፣ ፈሳሽ። በ2000 ዓ.ም. የመንጃ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 600 ወጣ፤ በ2010 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1074 ተተካ።

እስቲ ፍረዱኝ። የውሃ ቦቴ ፈሳሽ ነው። የወተት ቦቴም ፈሳሽ ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ፣ በገላፊ ገብቶ፣ ሚሌን፣ አዋሽን፣ አዳማን አቋርጦ ቤንዚን የሚያመጣልን ቦቴም ያው ፈሳሽ ነው። ወተት ቢደፋ ድመት ይሰበሰባል። ቤንዚን ሲደፋ ግን ሰፈሩ በሙሉ ጀሪካን ይዞ ይሰበሰባል፤ ለቅሶው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደረቁ ደግሞ ይብሳል። ጤፍ ደረቅ፣ ሲሚንቶ ደረቅ፣ ድማሚትም ደረቅ! ለድማሚቱ አጀብ ይመደብለት ይሆናል፤ የሹፌሩ መንጃ ፈቃድ ላይ የሰፈረው ምድብ ግን ከጤፍ ነጋዴው ሹፌር አይለይም። አደገኛ ቆሻሻ እንኳ በዚያው በ2010 ዓ.ም. ራሱን የቻለ አዋጅ ወጥቶለታል። ዕቃው ክብር የሚያገኘው ከተበላሸ በኋላ ነው ማለት ነው።

እኔ የተማርኩት ረዳት ሆኜ ነው። የ1990ው ጦርነት የአሰብን መንገድ ሳይዘጋው፣ በባቲ በኩል ወርደን በረሃውን ስናቋርጥ፣ ጎማ ሥር ታኮ ስወረውርና የሹፌሩን ቁጣ ስጠጣ ዓመታት ፈጀሁ። ፍሬን ሲያዝ ታንከሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ አይቆምልህም፤ ወደ ፊት ተንዶ መጥቶ ጋቢናውን ከኋላ ይገፋዋል። ሙሉ ቦቴ ይሻላል፣ መላወሻ የለውም። መከራው ግማሹ ነው። የታንከሩን ሆድ በግድግዳ የሚከፋፍሉትም ለዚሁ ነው። ከኋላችን ደግሞ መሬት የሚጎተት ሰንሰለት ነበረን፤ መኪናው ሲሄድ የሚያጠራቅመውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እንዲያወርድ። የሰፈር ልጆች ለጌጥ ይመስላቸው ነበር፤ አንዱማ ለአባቱ ጋሪ ገጠመለት። ዛሬ ሲሞላና ሲራገፍ የምድር ሽቦ ይታሰራል፤ ሰንሰለቱ ብዙም አይረዳም ይላሉ አዋቂዎቹ። ይሁንላቸው። እኔን የሚናፍቀኝ ድምፁ ነው።

የወንድሜ ልጅ ለፈሳሽ ሠለጠነ። ኮን ዞረ፣ ወደ ኋላ ገባ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ምልክት ለየ፣ አለፈ።

«ታንከሩ ውስጥ ምን ነበር?» አልኩት።

«ባዶ ነው ጋሼ።»

ባዶ! ቤንዚን አራግፎ የመጣ ባዶ ቦቴ እኮ ከሙሉው ይከፋል። ውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተደባልቆ አንዲት ብልጭታ ነው የሚጠብቀው። «ባዶ ነው» ተብሎ ብየዳ የተለኮሰበት ቦቴ ጋራዡን ይዞ ይሄዳል። ልጁ የሙሉውን አልተማረም፤ የባዶውንም አልነገሩትም። ምስክር ወረቀቱን ግን በላስቲክ አስለብጦ ሳሎን ሰቅሎታል።

ይሁን፣ ቦቴው ቢያንስ ወረቀት አለው። ሰሞኑን ከአብነት አደባባይ ወደ ጦር ኃይሎች ታክሲ ተሳፈርኩ። አንዲት እናት የቡታጋዝ ሲሊንደር አስጫኑ። ወያላው በእግሩ እየገፋ አምጥቶ ጉልበቴ ሥር ወሸቀው፤ ያ የታወቀው ሽታው ወዲያው አፍንጫዬ ገባ። ከፊቴ የተቀመጠው ጎረምሳ ጆሮው ላይ ሲጋራ ሰክቷል።

«አንተ ልጅ፣ የሹፌሩ መንጃ ፈቃድ ምንድን ነው?»

«ሕዝብ 1 ነው ፋዘር።»

«ታዲያ ይሄ ሲሊንደር ሕዝብ ነው?»

«ሂሳብ ከፍሏላ!»

ሳቁ ሳያባራ ኮካን አለፍን። ቤንዚን የጠፋ ሰሞንማ በሃይላንድ ተሞልቶ፣ በፌስታል ተንጠልጥሎ ሲሄድ አያለሁ። ለእግረኛ ፈሳሽ 1 የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ገና አልተከፈተም።

የእህቴ ልጅ አሜሪካ ከባድ መኪና ይነዳል። እዚያ ታንከር ለመንዳት ፈቃዱ ላይ «ኤን» የምትባል ፊደል ያስጽፋሉ፤ አደገኛ ነገር ለመጫን ደግሞ «ኤች»። ሁለቱም ሲሆን «ኤክስ» ይሆናል። የወተት ሹፌር በኤን ብቻ ይኖራል። ለሁለቱም የጽሑፍ ፈተና አለ፤ ለኤች ግን ከመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. ጥቃት ወዲህ አሻራ ተሰጥቶ የሰውየው ታሪክ ይመረመራል። «አሥሩንም ጣቴን ወሰዱኝ አጎቴ» ብሎ ሲያማርር፣ እኔ በቅናት ደም ሥሬ ተገተረ። አውሮፓውያኑማ አደገኛ ዕቃ በመንገድ ስለማጓጓዝ በ1957 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ስምምነት አድርገው ቆይተዋል። ቦቴው ብርቱካናማ ሰሌዳ ይለጥፋል፤ ከታች 1203 ከተጻፈ ቤንዚን፣ 1202 ከሆነ ናፍታ። እሳት አጥፊው ከሩቅ አንብቦ ምን ይዞ እንደሚቀርብ ያውቃል። እኛ ዘንድ ከሩቅ የሚነበበው «ፍቅር ያሸንፋል» የሚለው የጭቃ መከላከያው ጽሑፍ ነው።

እንግዲህ ለፈቃድ ሰጪዎቻችን ልመናዬ ይኸው። ከደረቅና ከፈሳሽ አጠገብ አንዲት መስመር ጨምሩ፤ ይነዳል ወይስ አይነድም? የፈሳሹን ፈተና ደግሞ እስከ ግማሹ ውሃ በተሞላ ቦቴ ላይ ስጡ። ውሃ አይነድም፣ ግን ይገፋል። ፈታኝ ካጣችሁ አብነት አለሁላችሁ፤ መነጽሬን ይዤ እመጣለሁ።