ያልተጠበቀው ገና

የላሊበላ ገና በየዓመቱ ድንገት ይመጣል። ቢያንስ ለሲስተም ሰዎቻችን እንደዚያ ነው። የቀረው የላስታ ሰው ታኅሣሥ 29 የጌታም የቅዱስ ላሊበላም ልደት መሆኑን ከአያቶቹ ሰምቶ ጠላውን ጠምቆ፣ የእንግዳ እግር ማጠቢያ ውኃውን ቀድቶ ይጠብቃል። ከዋግ፣ ከጋይንት፣ ከራያ በባዶ እግሩ የሚመጣው ምእመንም ጉዞ የሚጀምረው ከቀናት በፊት ነው። በዋዜማው ባንክ ቤት ብትገቡ ግን የምትሰሙት ያችኑ ቃል ነው፦ “ሲስተም የለም።”

ከቡግና የመጡ አንዲት እናት የቁጠባ ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሰልፍ ይዘዋል እንበል።

“ከበዓል በኋላ ይመለሱ እናቴ” ይላቸዋል መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት።

“ልጄ የላከልኝ እኮ ለበዓሉ ነው።”

ወጣቱ ምን ያድርግ? ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራል። ከበዓል በኋላ ደግሞ ማብራሪያ ይመጣል፤ ምክንያቱ “ያልተጠበቀ የተጠቃሚ ብዛት” ነው። ስምንት መቶ ዓመት ያህል ቀኑን ሳያዛንፍ የመጣ ሕዝብ ዘንድሮም ሳይጠበቅ መጣ!

አንዳንድ ሥራ ፈቶች ሲስተማቸውን ለሕዝብ ሳይከፍቱ ራሳቸው ያስጨንቁታል። ጄሜተር የሚባል በነጻ የሚወርድ ፕሮግራም አለ፤ መጀመሪያ ሺህ፣ ቀጥሎ አምስት ሺህ ሰው በአንዴ የገባ አስመስሎ ጥያቄ ያዘንባል። የት ላይ እንደሚንቀራፈፍ፣ ሰርቨሩ ይሁን ዳታቤዙ ቀድሞ የሚሰጥም፣ ከወደቀስ በኋላ በራሱ ይነሣ እንደሆነ ቁጭ ብለው ያያሉ። ምን ያለ ድካም ነው! እኛ ዘንድ ሞካሪው በእግሩ ይመጣል። ደመወዝ አይጠይቅም፤ እንዲያውም የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጥበታል።

ይህ ጥበብ የላሊበላ ብቻ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ሌሊት ገጹ እንቢ ያላለው ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። መጋቢት 2016 ደግሞ ንግድ ባንክ ሲስተሙን ሲያሻሽል ተማሪዎች ከዶርማቸው ሆነው የሌላቸውን ብር ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ፤ ባንኩ በኋላ የጠቀሰው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ያ በርግጥ ብልሽት እንጂ የጭነት ጉዳይ አልነበረም። ሙከራው የተደረገው ግን እዚያም በደንበኛው ላይ ነው።

አሜሪካኖችም ቢሆኑ ከዚህ አልዳኑም። መስከረም 2006 በከፈቱት የጤና መድን ድረ ገጽ በመጀመሪያው ቀን መመዝገብ የቻለው 6 ሰው ብቻ ነበር። ከዚያ አፍረው በሁለት ወር ግድም ጠገኑት። ማፈር፣ መቼም፣ የፈረንጅ ነገር ነው።

“ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ” ሲባል ቢያንስ በርበሬ የሚቀነጥስ ሰው አለ። የእኛዎቹ ሠርገኛውን “ከሠርጉ በኋላ ተመለስ” ይሉታል።

እባካችሁ፣ ሙከራችሁን ኅዳር ላይ ጨርሱት። ያኔ ቢወድቅ የሚያየው የለም፤ ታኅሣሥ 29ን ለቤዛ ኩሉ ዝማሬ ተዉልን።