አቶ ቦይ ዐረፉ

ለቀስተኞች፣ ጃንጥላችሁን አታጥፉ፤ የኢሉባቦር ዝናብ ቀብር አያከብርም። በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌና በያዮ ሆቴሎች ለብዙ ዘመን ሲጠሩ ኖረው፣ ባደረባቸው ሕመም ከአፋችን የተለዩትን የአቶ ቦይን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ ታዝዣለሁ። «አቶ» ማለቴ ከንክኗችሁ ይሆናል። በሕይወት ሳሉ አንቱ ያላቸው አልነበረምና ዛሬ እንኳ ይድረሳቸው ብዬ ነው። ከመስኖው ቦይ ጋር ሥጋ ዝምድና የላቸውም፤ በአንዱ ውኃ፣ በሌላው ትእዛዝ ሲፈስ ኖረ እንጂ።

ሟች በእንግሊዝ አገር በ13ኛው መቶ ዘመን ገደማ ተወለዱ። አባታቸው ማን እንደሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይሟገታሉ። አንዱ ወገን፣ በጥንቱ ፈረንሳይኛ እግር ብረት የገባበት ሰው ከሚጠራበት ቃል ይወለዳሉ ይላል። ሥራቸውን ስላየሁ እኔ ወደዚህ አደላለሁ። ብዙ ሰው ቃሉ ከጥንት «ወንድ ልጅ» ማለት ይመስለዋል። ቀድሞ አሽከር ነበሩ፤ ወንድ ልጅ የሆኑት ኋላ ነው። አብሮ አደጋቸው ናይትም (knight) በጥንቱ እንግሊዝኛ ልጅና አገልጋይ ማለት ነበር፤ እሱ ግን ፈረስና ሰይፍ አግኝቶ ባለማዕረግ ሆነ።

በእኛም ቤት እንዲሁ ነው። «ልጅ» የመሳፍንት ማዕረግ ሆነ፤ ከብላቴናም «ብላቴን ጌታ» ወጣ። ኢሉባቦርን የገዙት ራስ ተሰማ ናደው የማን ሞግዚት ነበሩ? የልጅ ኢያሱ። ልጅ ተብሎ ዙፋን የሚጠብቅ አለ፤ ልጅ ተብሎ ሰሐን የሚያነሣ አለ።

ሟች ከቅኝ ገዢዎች ጋር ዓለምን ሲዞሩ ወደ ጥንት ሥራቸው ተመለሱ፤ ጢማሙ ሁሉ በስማቸው ተጠራ። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር አዛውንት ሳይቀር። በ1968 እ.ኤ.አ. የሜምፊስ ጽዳት ሠራተኞች አድማ መትተው የያዙት ጽሑፍ «እኔ ሰው ነኝ» የሚል ነበር። መልሱ ለሟች ነው።

ወደ አገራችን በየት ገቡ? የአዲስ አበባ ሰው በኔ በኩል ይላል። በባቡሩ የመጣው ግን ፈረንሳይኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ጎረቤት የኛ የኢሉባቦሮች ነበር። በ1894 ዓ.ም. ውል ለእንግሊዞች በባሮ ዳር የንግድ ቦታ ተፈቀደላቸው፤ ጋምቤላ ሰፈሩ። ባሮ በክረምት ሲሞላ የካርቱም መርከብ ጨውና ጨርቅ አራግፎ የጎሬን ቡና ይጭን ነበር። ከጨውና ከጨርቁ መሐል አንድ ቃል ሾልኮ ቢገባ ማን ፈትሾ?

መቱ በአንድ ሆቴል የሚሠሩ፣ ልጅ የዳሩ፣ ሽበት የወረሳቸው ሰው ነበሩ። በሰፈራቸው ጋሼ ናቸው። ማታ ግን ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ «ቦይ!» ሲላቸው «አቤት!» ብለው ይመጣሉ። አንድ ቀን ሞቅ ብሎኝ እኔም ጠራኋቸው። ቢራዬን አስቀመጡና «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «የአባትህን ሠርግ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ» ብለው ወደ ሌላው ጠረጴዛ ሄዱ። ቢራው ግማሹ ቀረ።

የሟች ሕመም የጀመረው ሴቶች ሥራውን ሲይዙት ነው። «ቦይ፣ ነይ!» ሲባል ሰዋስው ራሱ አቃሰተ። ከዚያ «አስተናጋጅ» የሚባል ረጅም ስም መጣ፤ ለጽሑፍ እንጂ ለጥሪ አይመችም። ዛሬ ደንበኛው «ወንድሜ»፣ «እህቴ»፣ ሲደፍር «የኔ ቆንጆ» ይላል። ኦሮምኛ ተናጋሪው «ሙጫ» ቢል፣ ከሸገር የመጣ እንግዳ ፖስታ ሊያሽግ ነው ብሎ ያስባል፤ ልጅ ማለቱ ነው። ዞሮ ዞሮ ልጅ!

ሟች ቤት ንብረት አልተዉም። ታላቅ ወንድማቸው ጭብጨባ ግን በሕይወት አሉ፤ ከኋላ ቆመዋል፣ እዩዋቸው። ያልከፈላችሁት ጉርሻ ካለ ለዕድሩ ጸሐፊ አስረክቡ። ቡናው ደርሷል። እባካችሁ አታጨብጭቡ፤ ተነሥታችሁ ቅዱ።