ለገሐርን ያያችሁ ፍረዱኝ

የዘመኔ ባልንጀሮች፣ ለገሐርን በደጉ ጊዜ ያያችሁ፣ እስቲ ፍረዱኝ። ኃያል መንግሥት እንኳ እንደ ድሮው መሆን አቃተው!

ድሮ ኃያል ሲመጣ ይወርህ ነበር። ጨዋነት ነበረው፤ መድፉን ጎትቶ፣ ባንዲራውን ሰቅሎ፣ የፈለገውን በግልጽ ይነግርሃል። የዛሬው አበድሮህ ይሄዳል። ጃንሆይ በ1964 ዓ.ም. ቤጂንግ ዘልቀው ማኦን ሲጨብጡ «እነዚህ ብስክሌት ነጂዎች ምን ሊረቡን?» ብዬ የሳቅሁ ሰው ነኝ። ሳቄን ሳልጨርስ፣ እነሱ በፈረንጆቹ 2010 ጃፓንን ቀድመው በሀብት ከዓለም ሁለተኛ ሆኑ። ሰው እንዴት ሳያስፈቅድ ይበልጣል?

ዓለም በቃኝ የነበረበትን ቦታ አይታችኋል? በ2004 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ተመረቀበት፤ ቻይና 200 ሚሊዮን ዶላር አውጥታ በስጦታ የሠራችው። እኛ ስጦታ የምናውቀው ሙክት ነበር። ወይ ዘመን! ድሮ እኮ ወህኒ ቤቱ እንኳ ስም ነበረው።

ሕፃናቱም ተበላሹ። በእኛ ጊዜ ባዕድ ሲታይ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ነበር ወጉ። አሁን ጠጉሩ እንደ ገብስ ነዶ የነጣውን ሁሉ «ቻይና!» እያሉ ያሯሩጡታል።

ባቡሩንስ ምን ልበል? የገዛ ባቡራችን፣ ያ ፈረንሳዮች የሠሩልን፣ ጂቡቲ ለመድረስ አዳር ይጠይቅ ነበር። አዋሽ ላይ ወርደህ ትበላለህ፣ ድሬዳዋ እስክትደርስ ከጎንህ ካለው ጋር ትዛመዳለህ። መነሻው መሐል ከተማ፣ ለገሐር! ስሙ ራሱ ጥርት ያለ አማርኛ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግን በቻይና ብድር፣ በኤሌክትሪክ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይምዘገዘጋል። ማን ከማን ይዛመድ? ጣቢያው ደግሞ ለቡ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ቀኑ ይመሻል። እንዲህ የሚያዘግም ነገር አይቼ አላውቅም።

ጂቡቲ ስትደርስም ሌላ ጉድ አለ። የአሜሪካ ጦር ሰፈር አለ፤ በፈረንጆቹ 2017 ቻይናም የራሷን ከፈተች። ባላንጣ በባሕር ማዶ ሲሆን ነበር የሚያምረው፤ እነዚህ እሳት የሚጫጫሩ ጎረቤቶች ሆኑ። ነገ አንዱ በአንዱ ቢቆጣ የእኛ ጨውና ዘይት በየት በኩል ይገባል?

ተናድጄ ጉሮሮዬ ደረቀ። ልጆች፣ ያን ባለጽጌረዳ ፔርሙሴን አምጡልኝ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሻይ አላቀዘቀዘብኝም። የድሮ ዕቃ እኮ ዕቃ ነው። ግርጌው ላይ እንደ ጉንዳን የተርመሰመሰ ጽሑፍ አለበት፤ የሐረር ነጋዴ ምልክት ሳይሆን አይቀርም።