የ«አንተም ተው» ሳይንስ፦ ስለ አስታራቂ ሽማግሌ አንዳንድ ምልከታዎች

ጥሩ አስታራቂ ለመሆን የሚሻ ሰው ሕጉን ቢያነብ አይጎዳም፤ ግን ሩቅ አያደርሰውም። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 አስታራቂው ገለልተኛ እንዲሆንና ምስጢር እንዲጠብቅ ይሻል። ስለ ጋቢ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም። ስለ ጉሮሮ ጠረጋም እንዲሁ። ይህ ጥናት ሕግ አውጪው የዘለለውን ለመሙላት የተደረገ መጠነኛ ሙከራ ነው።

ጋቢው ይቀድማል። በሐምሌም በሚያዝያም ያው ጋቢ ስለሆነ፣ የሚለበሰው ለብርድ አለመሆኑን መደምደም ይቻላል። አገልግሎቱ ፊትን ማዳን ነው። ከባለጉዳዮቹ አንዱ የማይረባ ነገር ሲናገር ሽማግሌው ጋቢውን ቀስ አድርጎ እስከ አፍንጫው ይስባል። ተናጋሪው «አዘነልኝ» ይላል፣ ባላንጣው «ሳቀበት» ይላል፣ ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። ፍርድ ቤት መር አስማሚዎች ይህን መሣሪያ በጠረጴዛና በታሸገ ውኃ ሊተኩት ሞክረዋል። ውኃ ግን እስኪጠጡት ድረስ ብቻ ነው የሚሸፍነው።

የሽማግሌዎች ቁጥር ጎዶሎ ነው፤ ሦስት ወይም አምስት። ሐሳብ ሲለያይ በድምፅ ብልጫ ለመወሰን ነው ይባላል። አጥኚው ግን እጅ ያወጣ ሽማግሌ አጋጥሞት አያውቅም። ሦስት የሚሆኑት ሥራው ሦስት ስለሆነ ነው፤ አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ያባብላል፣ አንዱ ያንቀላፋል። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ያንቀላፋው ነው። ማን በዳይ ማን ተበዳይ እንደሆነ ያልሰማው እሱ ብቻ በመሆኑ፣ አዋጁ የሚፈልገውን ገለልተኝነት በሙሉ ያሟላል።

ለአብነት አንድ የአሸንዳ ጉዳይ እንይ። ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው፤ የአንዱ አሸንዳ ውኃውን የሚደፋው በሌላው ማድ ቤት በር ላይ ነው። ሁለት ክረምት በዝምታ አለፈ፤ በሦስተኛው ባለ ጎርፉ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። «መቼም እግርና እግርም ይጋጫል» ተባለ። ሁለቱም ወገን ተሰማ፤ ባለ አሸንዳው ስለ አባቱ ደግነት፣ ባለ ጎርፉ ስለ ውኃው ተናገሩ። ከዚያ ያቺ የታወቀችው ቃል መጣች፦ «እስቲ ወጣ በሉልን።»

ባላንጣዎቹ ወጥተው በአንድ በረንዳ ላይ ቆሙ። አንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዱ አሸንዳውን ያያል። ከውስጥ የሚሰማው ስለ ጤፍ ዋጋ የሚደረግ ውይይት ነው። ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ ግን አባባዩ ሽማግሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በአጥኚው እምነት የሙያው ሁሉ እምብርት የሆነችውን ጥያቄ ጠየቀ፦ «ለመሆኑ የትኛው ነው እሺ የሚለን?»

ማን እንዳጠፋ የጠየቀ አልነበረም። ባለጉዳዮቹ ተጠሩ። «ጥፋቱ የሁለታችሁም ነው» ተባለ። የባለ አሸንዳው ጥፋት አሸንዳው ነው፤ የባለ ጎርፉ ጥፋት መናገሩ ነው፣ ያውም ሰው በሰማበት። «አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ ተወው፤ ስለ ሽበታችን ብለህ!» ባለ ጎርፉ አንገቱን ደፋ፤ ተሳሳሙ፤ ተመረቁ። አሸንዳው አሁንም እዚያው ነው። ባለ ጎርፉ በማድ ቤቱ በር ላይ በራሱ ገንዘብ የሲሚንቶ እርከን ሠርቷል።

ከዚህ የምንረዳው የዕርቅ ወጪ የሚሰበሰበው ካጠፋው ሳይሆን ከጨዋው መሆኑን ነው። ባለጌ ሰው አይጠየቅም፤ ቢጠየቅ እንቢ ይላል፣ ሽማግሌም ያፍራል። ጨዋው እንቢ ቢል ደግሞ ጉዳዩ በቅጽበት ይለወጣል። ጠዋት ተበዳይ የነበረው ሰው ማታ «ሽማግሌ የረገጠ» ይባላል፤ ይህ ደግሞ በየትኛውም አንቀጽ ያልተጻፈ፣ ይግባኝም የሌለው ወንጀል ነው። (ይህን ሁሉ እያወቀም ሰው ሽማግሌ መምረጡ አይገርመኝም። ለአሸንዳ ሲባል ከቀጠሮ ቀጠሮ መመላለስ ከጎርፉ ይብሳል።)

ዘዴው በረቀቀ መልኩ የሚታየው በባልና ሚስት ጠብ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን ሳይቀር ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የማፋታቱን ሥልጣን ለፍርድ ቤት አዛወረ፤ ሆኖም ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹን ራሳቸው ወደመረጧቸው ሽማግሌዎች ሊመልሳቸው፣ ያ ካልሆነም እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ተጋቢዎቹ የሚመርጡት እነማንን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ልጅቷን ሊጠይቁ ሄደው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው በር ላይ የቆሙትን ሰዎች ነው።

እዚህ ላይ ገለልተኝነት ትንሽ ይቸገራል። ልጁ ጨዋ፣ ሠርቶ አደር፣ የሰው ፊት የማያይ መሆኑን ለአባቷ የመሰከሩት እነሱ ናቸው። ሚስቲቱ ያ ጨዋ ልጅ ማታ ማታ ምን እንደሚያደርግ ስትነግራቸው፣ የሚሰሙት የራሳቸው ምስክርነት ሲፈርስ ነው። ሻጭ ስለ ሸጠው ዕቃ አቤቱታ ሲቀርብለት የሚያሳየውን ትዕግሥት ያሳያሉ። ልጅ ገና ካልወለደች፣ «ልጅ ሲመጣ ይለወጣል» ይሏታል። ከወለደች፣ «ለልጆቹ ስትይ ቻይው» ነው። ልጆቹ አድገው፣ ተድረው፣ ከቤት ወጥተው ከሆነ ደግሞ ጋቢው ከፍ ይላል፣ ጉሮሮ ይጠረጋል፣ «ከእንግዲህማ ወዴት ትሄጃለሽ፣ ልጄ?»