የሲሚንቶው ኤረር

እኛስ ለምን ይቅርብን? በየከተማው አደባባይ የሲሚንቶ ፏፏቴ ቆሟል። ቋጥኙ ሽቦና ልስን፣ ጅረቱ ሰማያዊ ቀለም። ለምርቃት ቀን ቦቴ ይሞላዋል፤ እንግዶቹ ሲሸኙ ፓምፑ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ገንዳው የላስቲክና የጫት ገረባ ማጠራቀሚያ ነው።

ለሐረሩ አደባባያችን ለፈረስ መጋላም ይሠራልን። እስከ ኤረር ሸለቆ ማን ይወርዳል? ወንዙ ራሱ ይምጣ፣ ከነዝሆኑ። ደግሞ ብልህ ምርጫ ነው። ከጀጎል ወጣ ብሎ በፈረስ ላይ የነበሩት ራስ መኮንን፣ አፈወርቅ ተክሌ የሠራው ሐውልት፣ በ2012 ዓ.ም. ተገርስሰዋል። የ1879ኙ የጨለንቆ ጦርነትም እስከ ዛሬ ያከራክረናል። ወንዝ ግን ወገን የለውም፤ ማንም አይጥለውም።

ትልቁ ጥቅም ገና ነው። ውሃን ከድሬዳዋ ቆላ ዳገት ማስወጣት ይቀራል፤ ሕዝቡ አይቶ ይረካል። ቆጣሪው ከቧንቧው ተነቅሎ ግንባራችን ላይ ይተከላል፤ አንድ እይታ አንድ ሊትር። እናት ማታ ማታ ልጆቿን አደባባይ ታሰልፋለች፦ «በሉ፣ አይታችሁ ታጠቡና ግቡ!» ፈጠጥ ብሎ ያየ የንግድ ታሪፍ ይከፍላል። ፎቶ ያነሳ እንደ ቀዳ ይቆጠራል፤ ፌስቡክ ላይ የለጠፈማ ያለ ፈቃድ ውሃ በማከፋፈል ይከሰሳል። ዓይናቸው ለደከመ አዛውንት መነጽር በድጎማ ይሰጣል፤ መነጽሩ ግን በፈረቃ ነው፣ ሰኞ ለላይ ሰፈር፣ ሐሙስ ለታች። ቢል አልከፍልም ያለ ዓይኑ ይታሸጋል።

ሆቴሎችም ወደ አደባባዩ የሚያይ መስኮት ካላቸው «ሻወር አለን» ብለው ይለጥፋሉ።

ሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ የደረቀው ሐውልት ስላጣ አይደለም። የሐረር ቧንቧ ሲጠጣው፣ የጫት መስኖ ፓምፕ ሲስበው፣ ከዳገቱ የታጠበ አፈር ሲደፍነው ነው ያለቀው። ይህን ሁሉም ያውቃል። አውቆ ሰማያዊ ቀለም መግዛት ንቀት ነው። ቧንቧውን ጠግኑ!

ይቅርታ፣ ስለ ልማት ነበር የማወራው። ቦታ ጠበበ ከተባለ አሮጌዎቹ የፔጆ ታክሲዎች ጥግ ይያዙ፤ የመኪና ግርግር መንገድ ልብስ ሰፊዎች ደግሞ ለምርቃቱ መጋረጃ ይስፉ። አንድ አደራ ብቻ አለኝ፦ የዝሆኑ ኩምቢ ወደ ታች ይሁን። ወደ ላይ ከቀና ሊረጭ ነው ብለን ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን።