ትንሽ ዕቃ ናት፣ አትከብድሽም

ለትምህርት ወደ ውጭ የምትሄድ ልጅ ስናገኝ «እንኳን ደስ አለሽ» ብለን ሳንጨርስ «ስንት ኪሎ ይፈቅዱልሻል?» የምንል ሕዝብ ነን። የሚናቅ ችሎታ አይደለም። ሌላው ዓለም ቤተ መጻሕፍትና ላቦራቶሪ በሚታየው ቦታ ለእኛ ሁለት ባዶ ሻንጣ ይታየናል፤ ባዶ ሻንጣ ደግሞ አንጀት ይበላል። ይህን ደግነታችንን ላመሰግን ካሰብኩ ቆይቻለሁ፤ ምስጋናው ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ነው የዘገየሁት።

ያነሳሳችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ለማስተርስ ወደ ላይፕሲግ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ዲግሪዋንና ትራንስክሪፕቷን ከቢሮ ቢሮ እያዞረች አስመታች፤ የእንግሊዝኛ ፈተና ተፈተነች፤ የኤምባሲ ቀጠሮ ስትጠብቅ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ጀርመኖች ደግሞ ቪዛ ከመስጠታቸው በፊት የአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ በዝግ ሂሳብ አስቀምጪ ይላሉ፤ እዚያ ስትደርስ የራሷን ገንዘብ በወር 992 ዩሮ እየቆነጠሩ ይሰጧታል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ ይህ ገንዘብ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። እህቴ ቁጥሩን ስትሰማ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ጊዜ ከዘመድ አንድም ስልክ አልተደወለም። ልጅቷ እንዳትረበሽ ብለው ይሆናል፤ ተማሪ ጸጥታ ይፈልጋል።

ቪዛዋ ተመታ የተባለ ዕለት ግን ጸጥታው አበቃ።

በተለመደው ትኬት ሁለት ሻንጣ ይፈቀዳል፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በድምሩ 46 ኪሎ ያልተከፋፈለ ርስት ማለት ነው። ርስት ባለበት ጉባኤ አለ፤ ሳሎኑ ውስጥ የኪሎ ጉባኤ ተቀመጠ፤ እማማ ሰብሳቢ ሆኑ። እትዬ ሀምቡርግ ላለው ልጃቸው በርበሬና ሽሮ አስመዘገቡ። ጋሼ ሙኒክ ላለ የቀድሞ ባልደረባቸው ቡና አሉ፤ «ሦስት ኪሎ ብቻ» ብለው። ጎረቤታችን ድርቆሽ ይዘው መጡ፤ ድርቆሽ አይመዝንም፣ ቦታ ነው የሚበላው፤ ስለዚህ «የእኔ ከኪሎ ውጭ ነው» የሚል የሕግ ክርክር አነሱ። ክርክሩ እስከ ምሽት ዘለቀ። በቤት ጉዳይ ተኳርፈው ለዓመታት ያልተነጋገሩ ሁለት አክስቶቿ በዚያች ምሽት በአንድ ድምፅ ተስማሙ፤ የልጅቷ ጫማ ይቀነስ። የእርቅ ሽማግሌ ያልቻለውን የአየር መንገድ ሚዛን ቻለው።

ቀጥሎ የባለሻንጣዋ ንብረት አንድ በአንድ ለውይይት ቀረበ። መጽሐፍ? «እዚያ ሞልቷል።» ልብስ? «የእዚህ ልብስ ለእዚያ ብርድ አይሆንም።» ፎጣ? «ፎጣ የሌለው አገር አለ እንዴ!» ስለዚህ ከ46 ኪሎው ለተማሪዋ የደረሳት አንድ ጥግ ነው፤ እሱም ቢሆን ከበርበሬው ጋር እንዳይነካካ በአደራ። በመሀል አንድ አስተዋይ ዘመድ ተሳፋሪው ራሱ እንደማይመዘን አስታወሰ። ቤቱ አበራ። ወዲያው ወፍራም ካፖርት ተገኘ፤ ኪሶቹ በኮረሪማ፣ በጥቁር አዝሙድና በበሶ ተሞሉ። ልጅቷ ስትራመድ እንደ ወፍጮ ቤት ትሸታለች። ከዚያ በኋላ እትዬ «ትንሽ ብትከሺ ኖሮ ካፖርቱ ሌላ ሁለት ኪሎ ይችል ነበር» ሲሉ የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ሐሳቡ በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

እኔ ይህ ነገር በሳሎን ታጥሮ መቅረቱ ይቆጨኛል። አገራችን የምርት ገበያ አላት፤ ቡናና ሰሊጥ ይገበያይበታል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል። ታዲያ ኪሎ ለምን አይገበያይም? አምስተኛ ክፍል የሚማር ጎበዝ ልጅ ያለው ቤተሰብ ከዛሬ ጀምሮ የልጁን የወደፊት 46 ኪሎ በአክሲዮን ቢሸጥስ? ልጁ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ሲወጣ የአክሲዮኑ ዋጋ ይጨምራል፤ ጉንፋን ሲይዘው ይወርዳል። ባንኮች በኪሎ መያዣነት ያበድራሉ። ሽማግሌ ተልኮ ሴት ሲጠየቅ «ልጃችን ዘንድሮ ካናዳ ይሄዳል፣ ያልተሸጠ አሥራ ሁለት ኪሎ አለው» ይባላል፤ የሴቷ ወገን ተያይቶ ፈቀቅ ይላል። ቪዛ የተከለከለ ዕለት ባለአክሲዮኖች ቤቱን ከበው ያለቅሳሉ፤ ለልጁ አይደለም፤ ለበርበሬው ነው። ትምህርት ሚኒስቴርም ያን ጊዜ የውጭ ትምህርት ዕድል የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ግልጽ ይሆናል፤ ወገቡ ለጠነከረው።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስና፣ ሌላው ጥቅም ቀላል ነው። ቦሌ ሚዛኑ ላይ 26 ኪሎ ሲል ልጅቷ ሻንጣዋን ወለል ላይ ፈታ የውስጥ ልብሷን ለሰልፈኛው ታስጎበኛለች፤ ዓይን አፋርነት ይለቅቃታል። ፍራንክፈርት ስትደርስ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካሉ አገሮች ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ከበርበሬው ጋር የተላከው ቋንጣና ቅቤ እዚያው ይቀራል። ቅቤዋን አስታውሳታለሁ፤ በሃይላንድ ተሞልታ፣ አፏ በፌስታል ታስሮ፣ ፕላስተር ደጋግሞ ተጠምጥሞባት፣ በማርከር «ለልጄ፣ ሀምቡርግ» ተብሎ ስልክ ተጽፎባታል። እንዲህ የተጠቀለለ ነገር ያየ ጉምሩክ ቅቤ ነው ብሎ የሚያምን አይመስለኝም።

የሀምቡርጉ ተቀባይስ? «ኤርፖርት መጥቶ ይቀበልሻል» ተብሎ ነበር። ደወለችለት። «ሥራ ነኝ፣ ሀምቡርግ ብታመጪልኝስ? ያው ጀርመን አይደል?» አላት። ከፍራንክፈርት ሀምቡርግ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የመሄድ ያህል ነው፤ የእሷ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ነው። ቋንቋ በማታውቅበት አገር፣ ሌሊቱን ሙሉ በርራ፣ ሁለት ሻንጣ እየጎተተች፣ የመኖሪያ ቤቷ ቁልፍ የሚሰጥበት ቢሮ ሳይዘጋ ለመድረስ በባቡር ጣቢያ ስትሮጥ እትዬ ደወሉ። እንደምን ገባሽ አላሏትም። «በርበሬው አልፈሰሰም?» ነው ያሉት።

እዚህ ላይ ምስጋናዬን ትንሽ ላቁም፤ የምለው ነገር አለኝ።

ከተላኩት ውስጥ አንዲት የታሸገች ፌስታል ነበረች። አምጪው በስልክ ብቻ የምናውቀው የዘመድ ዘመድ ነው። «ደረቅ የሽፈራው ቅጠል ናት፣ ለሻይ» አለ። እህቴ ትፈታ ስትል ተቆጣ፤ «አታምኑኝም?» አለ። ፈታቻት። ደረቅ ጫት ነበር። ጀርመን ውስጥ ጫት በሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው፤ እንግሊዝም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላዋለች። ኤርፖርት ላይ «ሻንጣሽን ራስሽ ነሽ ያሸግሽው?» ሲባል አዎ ያለ ሰው ውስጡ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው እሱ ነው፤ የዘመድ ዘመድ አይጠየቅም። ያ ሰው የማያውቃትን ልጅ ትምህርት፣ የእናቷን 11,904 ዩሮና ምናልባትም የእስር ቤት ዓመታትን ለአንድ ፌስታል ቅጠል አስይዞ ነበር። ይሄ ዕቃ መላክ አይባልም። ወንጀል ነው። ደግሞም አኩርፏል፤ እስካሁን ሰላም አይለንም፤ ከቤተሰቡ ግማሹም «ሰው ፊት መፍታት ነበረባት?» እያለ እህቴን ይወቅሳል።

የእትዬ በርበሬ ከዚህ ጋር አይነጻጸርም፣ አውቃለሁ። ግን በሩን የከፈተው እሱ ነው፤ የእትዬን እሺ ያለች ልጅ የዚያኛውን እንቢ ማለት ነውር ይመስላታል።

ለበርበሬ ፖስታ ቤት አለ። ፈጣን መልእክት የሚባል አገልግሎት አለው፤ ይመዝናሉ፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ ያደርሳሉ። ውድ ነው ትሉኛላችሁ። አዎ ውድ ነው፤ ያንን ሂሳብ ነው በልጅቷ ጀርባ ላይ ስትጭኑት የኖራችሁት። ጀርመን ትምህርት የሚጀመረው በጥቅምት ነው፤ የሚሄዱት በመስከረም ይሄዳሉ። የምታውቁት ተማሪ ካለ ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ ተሰናበቱት።